ከሞላሌ ያልመጣ መልስ

እሑድ፣ መስከረም 20 ቀን 2005 ዓ.ም.
መሐል ሜዳ

ጉሙ ዛሬ ከደጃፋችን አልተነሣም። ለመስቀል እንደመጣሁ ቀርቼ፣ መስኮቱ ሥር ላፕቶፔን ታቅፌ የመሥሪያ ቤቴን መመሪያ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚያዝበት ፕሮግራም ስህተት ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ነው የማስረዳው። ጠዋት የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ትእዛዙን ሰርዝ ብለህ ብትልክም፣ ዲስኩ ‹ትቻለሁ› ብሎ እስኪመልስ ድረስ እንደተሰረዘ አትቁጠረው። ሥራው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።»

ከዚያ እጄ ቆመ። ሽማግሌ ልልክ ነው ላለኝ ለሞላሌው አስተማሪ ለዳኛቸው፣ ሐሙስ ለት «ለጊዜው ይቆይ» ብዬ በሚኒባስ ሾፌር ቃል ልኬለታለሁ። ኔትዎርክ ከመስቀል ወዲህ የለም። መልስም አልመጣም። አባባ ምንም አያውቁም። እኔም የምፈልገውን በውል አላውቅም። እንዲህ ጉም ሲወርድ የበጎቹ ድምፅ እንኳ ከሰማይ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ሐሳቤም አብሮ ይንሳፈፋል።

ረፋዱ ላይ ውሻው ጮኸ። ሦስት ነጭ ጋቢዎች ከጉሙ ቀስ ብለው ወጡ፤ እግራቸው አይታይም።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

አባባ ወጡ። «ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ!»

«ከሞላሌ ቃል ይዘን ነው የመጣነው፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አባባ ወደ መስኮቴ ዞር አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ስረዛው ሳይደርስ ትእዛዙ ተፈጽሞ ከተገኘ፣ ስህተት አይባልም።»

ላፕቶፑን ዘግቼ ነጠላዬን ፈለግሁ።