እጅ በእጅ ስለተቀበሉት አደራ

ለክቡር አቶ ጸጋው፣
አዲስ በተሰጠዎት ወንበር

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አዲሱ ቢሮዎስ እንዴት ነው? እኛ ከወንድሜ ከሙንዚር በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ሙንዚር ማለት ምናልባት በሥራ ብዛት ዘንግተውት ከሆነ፣ እርስዎ ያቋቋሙት የተቃዋሚ ቴሌቪዥን ጣቢያ የወሎ ዘጋቢ የነበረውና ዛሬ ደሴ ታስሮ የሚገኘው ነው።

ስለ ሹመትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ጠበቃ ሳሉ ለድሃ በነጻ ሲከራከሩ፣ ፖለቲካ ገብተው ሲታሰሩ፣ ተፈትተው ጣቢያ ሲከፍቱ ያጨበጨብን ሰዎች፣ መንግሥት ወንበር ሰጥቶ ሲያሳርፍዎት እጃችንን ብናጥፍ ነውር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ሙንዚርን ለሥራ ሲፈልጉት በስልክ መጥራት ሲችሉ፣ ሽማግሌ ይዘው ቢስቲማ ድረስ ወደ አባታችን ወደ ሼህ ጀላል ስለመጡ አመሰግናለሁ። ክርስቲያን ሆነው ሳለ ወዳጃ ላይ፣ በጸሎት ጉባኤያችን፣ ከዱዓው ሰዎች መሐል ተቀምጠው አሚን አሉ። አባታችን የልጃቸውን እጅ ይዘው በእጅዎ ላይ ሲያስቀምጡ፣ እርስዎ «ከእጅዎ ተቀብያለሁ፣ በእጅዎ እመልሳለሁ» ብለው ሁላችንንም አስለቀሱን። በእኛ አገር ይህ ቃል ከማኅተም ይበልጣል። እርስዎ ግን የሕግ ሰው ነዎትና፣ ማኅተም የሌለውን እንደማይቆጥሩት መጠርጠር ነበረብን።

፪. የቦሩ ሜዳ ገበሬዎችን አቤቱታ ቀርጾ እንዲመጣ የላኩት እርስዎ ነበሩ። በዚያው ሰበብ በተያዘ ማግሥት በጣቢያዎ ቀርበው፣ ሙንዚርን የነካ እኔን ነካ ብለው ነበር። ከተሾሙ በኋላ በሰጡት የመጀመሪያ መግለጫ ደግሞ በሥራው ምክንያት የታሰረ አንድም ጋዜጠኛ እንደሌለ አበሠሩን። እግዜር ይስጥልን፤ እንግዲያው ስንቅ የምናመላልስለት ሰው ማን እንደሆነ ቢጠቁሙን።

፫. ስልክ ስለ መቀየርዎ ምንም አልልም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡርነትዎ። ያሰሩት ሰዎች አልከዱንም፤ ምንም ቃል አልገቡልንምና። የከዱን እርስዎ ነዎት፤ ይህም ከእስሩ ይልቅ ያመኛል።

አባታችን ዓይናቸው ስለጠፋ መግለጫዎን አላዩም፤ እኛም ልባችን እምቢ ብሎን አልነገርናቸውም። እስካሁን ለልጃቸው የሚከራከሩት እርስዎ ይመስሏቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ወዳጃ ላይ ከሙንዚር ስም አስቀድመው የእርስዎን ስም ጠርተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አሚን እላለሁ። ይህን ለጋዜጣ የሰጠሁትን ግልጽ ደብዳቤ ማንም እንዳያነብላቸው ጎረቤቱን ሁሉ ለምኛለሁ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ማጎንበስ የበዛበት ሥራ ነው ሲሉ እሰማለሁና ወገብዎንም ይጠብቅልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአደራዎ እኅት ዘሀራ ጀላል፣
ጨርቅ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሕዝብ ሊያወያዩ ደሴ ፒያሳ እንደሚመጡ አባታችን ሰምተዋል። «ልጄን ሊመልስልኝ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበው ቀኑን ይጠብቃሉ። ከፊት ወንበር አስቀምጣቸዋለሁ። ስለማያዩ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚጠብቁዎት፤ ምን እንደሚያስቀምጡበት ከወዲሁ ያስቡበት።