እማዬ አዳራሹ የመጣች ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። እንዴት ከርመሃል? ከናፍቆትህ በቀር እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ በከዋክብት ማሳያው አዳራሽ ጣሪያው ላይ ሰማይ እያበራሁ፣ በሙዚቃ አጅቤ ስለ ጠፈር አወራለሁ። እሁድ እማዬን ወስጄ መሐል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አንተ በክላርኔት የተጫወትከውን ቅጂ ከፍቼ በኮከቦቹ መሐል የሳተርንን ቀለበት ሳወጣ አዳራሹ ጸጥ እረጭ አለ። እማዬም እንባዋ መጣ። ሲያልቅ እጄን ይዛ፣ «ሙዚቃው አንጀቴን በላው። ኮከቦቹንስ መቼ ነው የምታወጪያቸው ልጄ?» አለችኝ።

«ዛሬ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ እማዬ» አልኳት። አጠገቤ የነበረው የማሽኑ ባለሙያ ቀና ብሎ አየኝ።

ዓመት ሙሉ «የሳሎኑ አምፖል ደክሟል፣ ቀይሪልኝ» ስትለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀየርኩላት፤ በሦስተኛው «አሁንስ አበዛሽው» ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ስለ አምፖሉ አንስታ አታውቅም።

ሐሙስ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ እንዲያው ለጠቅላላ ምርመራ ነው፣ አታስብ።

እማዬ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች። ለዕረፍትህ ስትመጣ ግን እንደ ልማድህ በሩ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ እስክታይህ አትጠብቅ። ገና ከደረጃው «እማዬ» በላት።

ናፋቂህ እህትህ