በእኔ እግር የተሳለችው ስለት

ኅዳር 12 ቀን 2005
ዝንጀሮዎቹ ዛሬም ጓሮ ገብተው ሙዙን አራገፉት። ድንጋይ ወረወርኩ። ሳትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ቀያሽ ሆኜ፣ ዐይኔ ሜትር የማይስት ነበር... እርጅና!

ከሰዓት በኋላ ጃንጥላውን ከቁምሳጥኑ አናት አወረድኩት። አቧራው ለጉድ ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። እጅጋየሁ ለማርያም የገዛችው። የዛሬ አምስት ዓመት ሆዴ ተቀዶ ሐኪም ቤት ሳጣጥር ተሳለች። «ባሌን ካተረፍሽልኝ ይህን ይዞ፣ ከቤቱ ደጅሽ ድረስ በእግሩ ይመጣል።»

በእግሩ! ሰው በሰው እግር ይሳላል? የራሷ እግር ምን ሆነ?

ተረፍኩ። በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ «ለከርሞ» አልኳት። መጋቢት ላይ እሷ ሞተች። ስለቷ ሳይገባ።

ኅዳር 14
የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። (የእሷ። እኔ የለኝም።)
«አባ፣ ጃንጥላውን በመኪና ብልከውስ?»
«የተሳለችው እሷ ናት። እግሩ ግን ያንተ ነው» አሉኝ።
ሰማይ ቤት ውክልና አይቀበልም ማለት ነው።

ከባድሩ ሱቅ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ጎረቤቴ ነው፤ ከገብስ እስከ ጫማ የማይነግደው የለም። «ጋሽ ተክሌ፣ አንተ? ተራራ ላይ? እዚህ ሱቄ ድረስ እንኳ በባጃጅ አይደል የምትመጣው!» እያለ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ደግ ጎረቤት።

ኅዳር 17
ልክነሽ አብራኝ ልትሄድ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ታለማለች፤ የእጅጋየሁ የጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ከገረሴ በላይ ወዳለችው ማርያም ስትሄድ ዘንድሮ ሰባተኛዋ።
«ጋሼ፣ ማርያም በጣም ይታገሣል። አምስት ዓመት ጠበቀህ!» አለችኝ።
አማርኛዋ ማርያምን ወንድ ያደርጋታል። ላርማት አልኩና ተውኩት። የእኔ ጋሞኛ በሠላሳ ዓመት ከሰላምታ አላለፈ፣ ምን አፍ አለኝ?

ኅዳር 18
ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። ፀሐይ አናቴን ስትበሳኝ ጃንጥላውን ልዘረጋ ስል ልክነሽ እጄን ጠፍ አደረገችኝ። «የማርያም ነው!» እኛ ተጠበስን። ጃንጥላው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በምቾት፣ ትከሻዬ ላይ።
መንፈሳዊ ሐሳብ እንዲመጣልኝ ጠበቅኩ። የመጣልኝ የተጠበሰ የጫሞ ዓሣ ነው። ያውም በጾም።

ኅዳር 19
ዳገት። ሁለቱም ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል። «ይህን ዳገት እንዲህ ያቆመው የትኛው ደንቆሮ ነው?» እያልኩ ስራገም ትዝ አለኝ። በሰባ ዘጠኝ የቀየስኩት እኔ ነኝ።

ማረፊያችን ላይ ልክነሽን ጠየቅኳት። እጅጋየሁ ምን ነክቷት ነው በእኔ እግር የተሳለችው?
«እኔም እጅጋየሁን ጠይቄው ነበር። ምን አለ መሰለህ? ‹የእኔን እግርማ ማርያም ታውቀዋለች። የሱን ነው አይታው የማታውቀው።›»
ብቻዬን ስሆን ሳቄ መጣ... ከዚያ ሳቅ አልሆነም። አንቺ ሴትዮ!

ኤርጫፎ ትዝ አለኝ፣ ስቀይስ ሜትር ይጎትትልኝ የነበረው። እዚሁ ዳገት ላይ ዝናብ ሲይዘው ሁለት መቶ ሜትር ሳይለካ ደብተሩ ላይ በግምት ሞላ። እንዲለካ በጭቃ መለስኩት። «በግምት በተሞላ ላይ አልፈርምም!» ይህን ለእጅጋየሁ ስንት ጊዜ ተኩራርቼ አውርቻለሁ። አምና ግን መለሰችልኝ። «ለመሥሪያ ቤትህ አንዲት ሜትር አትዋሽም። ለእኔ በየዓመቱ ለከርሞ።»

ኅዳር 20
አፈርኩ። ግን ልጻፈው።
ልክነሽ ከሚዘምሩት ሴቶች ጋር ቀድማ ሄዳለች። እኔ እያነከስኩ ኋላ ቀረሁ። ባድሩ አይሱዙውን እየነዳ መጣ፤ ገረሴ ገበያ ገብስ ሊጭን።
«ጋሼ፣ ውጣ! ፊትህ ገርጥቷል!»
ወጣሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልግደረደር። አራት ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ... ዐይኔ ቆጣሪው ላይ ነበር፣ የሙያ በሽታ። ልክነሽን ስናልፍ ጎንበስ ብዬ ተደበቅኩ። በስድሳ አራት ዓመቴ! ገረሴ መግቢያ ላይ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ። ማን አየኝ?

ኅዳር 21
የማርያም ዕለት። እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። ስለት አግቢዎቹ ተሰልፈናል፤ ቄሱ በማይክ ስም ይጠራሉ። ዲያቆኑ ወደኔ መጣ።
«በማን ስም?»
«በእጅጋየሁ።»
«ምን ተስላ?»
«ጃንጥላ... በእግር።»
ጻፈ። በእግርህ ነው የመጣኸው ወይ ያለኝ የለም። ቢጠይቀኝ ኖሮ አሳምሬ እዋሽ ነበር። ግን ስሟ በማይክ ሊጠራ ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት። አራት ከስድስት መቶው የሚጎድለው በእሷ ስም ነው። ከሰልፉ ወጣሁ።

ባድሩን ገበያው ጋ አገኘሁት፣ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ።
«ትናንት የጫንከኝ ቦታ መልሰኝ።»
«ምን ጣልክ?»
ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! ምነው ዝም አልከኝ? የሰው ስለት ውስጥ ትከተኛለህ?» ገብሱን ትቶ ይዞኝ ወረደ። ባሕር ዛፉ ጋ አቆመ።
«እዚህ ነበር።»
«ትንሽ ወደ ኋላ» አልኩት።
«ስንት?»
«አሥር ሜትር ያህል።»
አየኝ። አልሳቀም። ወደ ኋላ ነዳ።

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ፣ እያወራኋት። ጸሎት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስደርስ ታቦቱ ገብቷል፣ ማይኩ ተነቅሏል፣ ሰው ተበትኗል። ደጃፉ ላይ ልክነሽ ብቻ ቁጭ ብላለች።
«ስትደበቅ አይቼሃለሁ» አለችኝ።
ጃንጥላውን ለአንድ አረጋዊ ቄስ ሰጠሁ። «የእጅጋየሁ ነው። በእግሬ ነው የመጣው።» ልክነሽ ብቻዋን እልል አለች። አንዲት ሴት፣ ባዶ ግቢ ውስጥ። ለሺህ ሰው የሚበቃ።

ኅዳር 25
ቤት። መልሱን በባድሩ መኪና፣ ገብስ ላይ ተኝቼ። ስለቱ ስለ መመለስ ምንም አይልም።
ሰው ሆነሃል ወይ ቢሉኝ... እንጃ። ዛሬም ቅዳሴ አልሄድኩም። እግሬ አብጧል።
አሮጌ የቅየሳ ደብተር አገኘሁ። ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ከቤት እስከ ደጇ፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር። በግምት የተሞላ የለም። «የለካው» የሚለው ላይ ፈረምኩ። «ያጸደቀው» የሚለውን ክፍት ተውኩት። እጅጋየሁ ስንገናኝ ትፈርማለች።
ስንገናኝ? ምን አልኩ እኔ?
«ስንገናኝ» የምትለዋን ልሰርዝ እስክሪብቶ አነሣሁ። ተውኩት።