የሲሳይ መርከብና የኔዋ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ ጠዋት
ኤርፖርት፣ የታክሲ ሰልፍ። ከፊቴ አርባ መኪና። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ሥራውን ወስደውታል፤ ለቤት ሥራ ግን ይመቻል። የታሪክ መ/ርታችን ትናንት የድሮ የእንግሊዝ ንግድ መርከቦችን በዕጣ አደለችን። ለሲሳይ ሠላሳ ዓመት የሠራች፣ ሕንድ ድረስ የሄደች ደረሰችው። ለእኔ? ሁለቴ ከጃማይካ ስኳር ጭና የተመለሰች፣ በሦስተኛው ጉዞዋ የሰጠመች። አበቃ። አብረን አገር ለቀቅን፣ አብረን ታክሲ ጀመርን፣ አብረን ኮሌጅ ገባን፤ የሚቀናው ግን ለእሱ ነው። ማስታወሻዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፤ በግኛለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13
ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ምሳ። ሲሳይ ስለ መርከቡ ያወራል፤ ማዕበል፣ የባሕር ወንበዴ፣ ሰባት ካፒቴን። አስተናጋጇ ሳትቀር ቆማ ሰማችው።
ግን እኔም አገኘሁ! የመጀመሪያው ካፒቴኔ ቶማስ ሪድ። የመጨረሻው ጄምስ ቶማስ። ልጁ! አባት የጀመራትን መርከብ ልጅ ይዟት ሰጠመ። አራት ገጽ ባንድ ትንፋሽ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 18
መ/ርቷ ወደደችው! የአባትና ልጁን ታሪክ ሐሙስ ለክፍሉ አንብብ አለችኝ። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬም የድጋፍ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ነው። ካንድ ክፍል ላንድ ተማሪ ብቻ ነው የምትጽፈው። የሲሳይን ፊት አየሁ። ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው፤ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 19፣ ከሰዓት
ሲሳይ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። ጽሑፌን አንብቦታል። ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ፈረንጅ እኮ እንደኛ ያባቱን ስም አያስከትልም። የሪድ ልጅ ሪድ ነው የሚባለው። ሶ ሰዎቹ አይዛመዱም» አለኝ።
ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ! ክሊኒክ እንኳ የሚጠሩት የአባቴን ስም፣ የምነሳው እኔ። ለመ/ርቷ ልትነግራት ነው ወይ አልኩት። በጭራሽ፣ ያንተ ጉዳይ ነው አለ። ይሄ ይባስ። ዕውቀቱ ሳያንሰው ደግነት ተጨመረለት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20፣ ጠዋት
እንቅልፍ የለም። አባትና ልጁን ሰረዝኳቸው። የቀረው አንድ ገጽ ተኩል፦ ሁለት ጉዞ፣ አንድ መስጠም፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች። ደብዳቤው ይቀርብኛል። ምናልባት ለሲሳይ ይሆናል።
አሁን ደወለ፤ መ/ርቷ ጋ አብሬህ ልግባ ይላል። አይሆንም! ደግሞ እሱን ታመስግንልኝ? ብቻዬን እገባለሁ፤ ክፍል ሳይጀመር ለመ/ርቷ እውነቱን እነግራታለሁ። ማን ነገረህ ካለችኝ ግን፣ ራሴ ደረስኩበት እላለሁ።