የግሪሳው ጭልፊት

መስከረም 22፣ 2017
ሁለት ስልክ ሠራሁ። አንዱ ዳነ፣ አንዱ ሞተ። ገበያ ላይ የልጆች አውሮፕላን አየሁ... ከፎም የተሠራ፣ በእጅ የሚወረወር። እንደ ላባ ቀላል ነው። ገዛሁት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ምን ልሠራበት?

መስከረም 24
መፋዛ፣ ከአገራችን ድንበር ማዶ፣ ማሳችን ላይ ዋልኩ። ማሽላው ወተት ይዟል። የግሪሳ ወፍም ደርሷል። መንጋው አርፎ ሲነሣ ዛላው ባዶ ነው። አጎቴ እንግዳው ማማው ላይ ወንጭፍ ሲያጮሁ፣ ሲጮሁ ውለው ድምፃቸው ጠፍቷል። ዓምና ቅጠል ቀቅለን በልተናል። ዘንድሮ ይኼም ከሄደ... አልጽፈውም።
ግሪሳ ጭልፊት ይፈራል። ያ አውሮፕላን ጭልፊት ያህላል እኮ!

መስከረም 27
የስልክ ጥገና ሱቄ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ መጫወቻ ሄሊኮፕተር ነበር። ሁለት ሞተሩን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን፣ የሩቅ መቆጣጠሪያውን ወሰድኩ። በየክንፉ አንድ ሞተር። ግራው ሲፈጥን ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቀኙ ሲፈጥን ወደ ግራ። የሞተሮቹን ማራገቢያ ከፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቀረጽኩ። ባትሪው የስልክ ነው።
አጎቴ አይተው ሳቁ። «ግሪሳ በልጅ ዕቃ ይሸሻል፣ አንች?»
ይሸሻል። ይሸሽ ይሆናል...

ጥቅምት 1
ወረወርኩት። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆመ፣ ከዚያ በጭራው ወደቀ። አራት ጊዜ። ባትሪውን ጭራው ጋ ምን ብዬ አስቀመጥኩት? ደንቆሮ!

ጥቅምት 2
ባትሪውን ወደ አፍንጫው አመጣሁት። በረረ! በረረ፣ በረረ!
አጎቴ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «የኬላው ወታደሮች ሙሰየራ ነው ብለው ቢተኩሱስ?» ድሮን ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ የጦርነት አገር ነው። የመንደሩን ሼኽ ጠርተው አሳዩአቸው። ሼኹ ከማማው ከፍታ በላይ እንዳላስነሣው አስማሉኝ። ለኬላው ራሳቸው ሊነግሩልኝ ቃል ገቡ።
ጥቁር ቀባሁት። ጭልፊት መሰለ።

ጥቅምት 4
ግሪሳው ወርዶ ሳለ ለቀቅኩት። መንጋው በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ተነሣ! ብቻዬን እልል አልኩ።
ወዲያው ድንበርተኛችን አደም ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። ለካ መንጋው የእሱ ማሽላ ላይ ነው ያረፈው።
«ያ በላይነሽ!» አለ በዐረብኛው። «ሐራም አለይኪ! ነውር አይደለም? ወፍሽን ለእኔ ትልኪያለሽ?»
አፈርኩ። እሱም ልጆች አሉት። የራሴን ብቻ ነበር ያየሁት።
አጎቴ አልተቆጡም። «ወፍ ድንበር አያውቅም። ካባረርሽ ለሁሉም አባሪ» አሉኝ።

ጥቅምት 5
አጎቴና አደም ግራና ቀኝ ሆነው ቆርቆሮ መቱ። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ መንጋውን በጭልፊቴ ገፋሁት። ከእኛ ወደ አደም፣ ከአደም ወደሚቀጥለው... እግሬ ተቧጨረ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው... ተሻገረ! የራሃድን ወንዝ ተሻግሮ ጫካ ገባ።
አደም ዱላውን ጥሎ ጨፈረ። «ወላሂ ይቺ ሴት!» እያለ። እኔ አለቀስኩ መሰለኝ። ኮርቼ ነው። ይጻፍ።

ጥቅምት 19
በየቀኑ፣ ጠዋትና ከሰዓት። ዘጠኝ ማሳ። ሦስት ባትሪ አፈራርቃለሁ። ግሪሳው ከሩቅ ሲያየው ይመለሳል። ማሽላው ጠነከረ። አጎቴ ዛሬ ጥላ ሥር ተኙ። በቀን!

ኅዳር 25
አጨዳውም ውቂያውም አለቀ። የመጨረሻው ጆንያ ዛሬ ቤት ገባ።
«እስቲ እኔም አንድ ጊዜ ላብርር» አሉ አጎቴ። መቆጣጠሪያውን ሰጠኋቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ እንደ ልጅ ይስቃሉ። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ከዚያ ቁልቁል ሄዶ ከግንድ ጋር ተላተመ። ክንፉ ለሁለት።
«ምን አደረግሁ፣ ልጄ!» ደንግጠው አዩኝ።
ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይሰበር! እህሉ ገብቷል።