ሽማግሌዎቹን ያስቆምኩት ስለዚህ ነው

ውድ ሰገን፣

እናትሽ እንዴት ሆኑ? ሳሉ ቀለል ብሏቸዋል ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ወረታም እንደምታውቂያት ናት፤ ባጃጁ ጭቃ እየረጨ፣ የጭነት መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ይውላል። ይህን የምጽፍልሽ ወርክሾፑ ደጃፍ ተቀምጬ ነው። አላፊ አግዳሚው "ማረው ደግሞ ምን ነካው፣ ክስ ነው የሚጽፈው?" እያለ ያሾፍብኛል።

ነገር ማዞር እንደማትወጂ ስለማውቅ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ላገባሽ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄም አልተቆረጠም።

ሽማግሌዎቹ ተዘጋጅተዋል። አያ ንብረት፣ ያው የጤና ኬላው ጥበቃ፣ ጋቢያቸውን አሳጥበው ተቀምጠዋል። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሥላሴም እሺ ብለውኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንበሳሜ መጥተው አባትሽ ደጅ ሊቆሙ ነበር፤ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። "መጀመሪያ ለራሷ ልጻፍላት" ስላቸው አያ ንብረት ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና "ለልጅቱ? ታዲያ እኛ ምን ልንባል ነው?" አሉ። የሰሙት ወሬም አለ። አንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ለልጁ አንቺን ሊጠይቅ ሽማግሌ እያሰናዳ ነው አሉ። "ቀድመውህ ገብተው አባቷ እሺ ካሉ እኮ አለቀልህ፤ ያኔ ደብዳቤህን ጠቅልለህ ትቀመጣለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፈርቻለሁ። ቢሆንም ከአንቺ ሳልሰማ አልልካቸውም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከማሽኑ ነው።

ማሽኑን ይዤ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ካለችው ጤና ኬላሽ የደረስኩ ዕለት ትዝ ይልሻል? ክረምቱ ገብቶ፣ የመብራቱ ምሰሶ ወድቆ፣ ሶላሩም በደመናው ምክንያት አልሠራ ብሎ፣ የክትባቱን ፍሪጅ እንደ ታመመ ልጅ ከአጠገቡ ሳትለዪ ትጠብቂው ነበር። ፊውል ሴል ለሚባል፣ ከጋዝ መብራት ለሚያመነጭ መሣሪያ ሙከራ የተላክሁ ቴክኒሻን ነኝ አልኩሽ። ሳጥኑን ዞር ዞር ብለሽ አየሽና "ሞተር የለው፣ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፤ ታዲያ በምኑ ነው የሚሠራው?" አልሽኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አታውቂም። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስልክ ይሞላ እንደሆነ ነበር።

አንድ ያረጀ ሴል ፈትቼ አሳየሁሽ። መሐል ላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ፣ በግራና በቀኙ የተቀባውን ጥቁር ዱቄት፣ ከዚያ ውጭ ያለውን የካርቦን ወረቀት፣ ጋዙ የሚሄድበት ቦይ የተቀረጸበትን የግራፋይት ሳህን በየተራ በእጅሽ ይዘሽ አየሽ። ዱቄቱ ካርቦን ነው፤ ላዩ ላይ ግን በዓይን የማይታይ ፕላቲነም የሚባል ውድ ብረት ብናኝ አለበት። ሃይድሮጅኑ ከሲሊንደሩ መጥቶ ፕላቲነሙን ሲነካ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሆኖ ይለያያል። ፕሮቶኑ በስሱ ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑን ግን ፕላስቲኩ አያሳልፈውም። ስለዚህ በሽቦው ዞሮ መሄድ አለበት፤ ፍሪጁን የሚያሠራው እሱ ሲዞር ነው። በወዲያኛው በኩል ሁለቱም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኙና ውሃ ይሆናሉ። የአንዱ ሴል ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ደራርበው ያስሩታል።

"ምስኪን ኤሌክትሮን፤ ሌላው በአቋራጭ ሲያልፍ እሱ በዙሪያ" ብለሽ ሳቅሽ። ፕላስቲኩ እርጥበት እንደሚፈልግ፣ ከደረቀ ፕሮቶን እንደማያሳልፍ፣ ውሃ ከበዛበትም ማሽኑ እንደሚታፈን ስነግርሽ ደግሞ "እንደኛ ሩዝ ነዋ" አልሽ። እኔ ያን ያህል ዓመት ተምሬ እንዲህ ባጭሩ ተናግሬው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤን ሳትወስጂው አልቀረሽም።

ከዚያ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ሜዳው ባሕር ሲሆን ከውሃው የተረፈው የጤና ኬላው ግቢ ብቻ ነበር። አያ ንብረት በሩን ወለል አድርገው ከፍተው የሰፈሩን ከብት ሁሉ አስገቡ። "ከብት ውሃ ውስጥ ቆሞ እኔ በር ልቆልፍ?" አሉ፤ ማን ምን ይላቸዋል። ከብቶቹም ዝናቡን ሸሽተው ከቤቱ ጀርባ፣ ከክፈፉ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ።

ብዙም ሳይቆይ የማሽኑ ቮልት መውረድ ጀመረ። ሲሊንደሩን አየሁ፣ ጋዝ አለው። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፣ የሚያፈስ የለም። ፕላስቲኩ ደርቆ ይሆናል ብዬ እርጥበት ጨመርኩለት፣ ባሰበት። ፍሪጁ ሊቆም ነው፤ ውስጡ ያለው የዚያ ሁሉ ሕፃን ክትባት ነው፤ መንገዱ በውሃ ተቆርጧል፤ ሌላ ከየት ይመጣል? አንቺ ማንም እንዳይከፍተው ብለሽ የፍሪጁን በር በፕላስተር አሸግሽው። እኔ ደግሞ ብስጭቴን የምወጣው ባገኘሁት ሰው ላይ ነበር፤ በአንቺም ላይ ጮኼብሻለሁ።

አንቺ ግን በጓሮ በኩል ዞረሽ ሄድሽና ዓይንሽን እያሸሽ ተመለስሽ።

"ማረው፣ ይሄ ነገር አየሩን የሚስበው ከየት ነው?"

"ከቤቱ ጀርባ።"

"እስኪ ሂድና አንተም እዚያ ቆመህ ተንፍስ።"

ሄድኩ። የከብቱ ሽንት ሽታ እንባዬን አወረደው። አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ነበር። ማሽኑ ከአየሩ ጋር አሞኒያውን እየሳበ ኖሯል፤ አሞኒያው ስሱ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ የፕሮቶኑን ቦታ ይዞበታል። የማሽኑ መመሪያ ከመኪና ጭስ አርቁት ይላል እንጂ ከላም አርቁት አይልም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ፎገራን ከነከብቱ የት ያውቁታል።

"በሉ ከብቶቹን እናስወጣ" አልኩ። ፊትሽ ተለዋወጠ። "ወዴት? ወደ ውሃው? ያቺ ቦቃ ላም የነአገኘሁሽ ናት፤ ከእሷ ሌላ የላቸውም። ማንን ጠይቀህ ነው የምታስወጣት?" አልሽኝ። ከዚያ ወደ ከብቱ ባለቤቶች ሄደሽ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሻቸውና በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጡበትን የውሃ ሞተር ቱቦ እንዲያመጡ ለመንሻቸው። አመጡ። አንዱን ጫፍ ከማሽኑ የአየር መሳቢያ ጋር ገጠምኩት፤ ሌላውን ጣራው ላይ አወጡት። ጭቃው እስከ ጉልበትሽ ደርሶ፣ ሻሽሽ በዝናብ ሾቆ፣ "ወደ ነፋሱ አዙሩት፣ አይ ወደዚያ አይደለም፣ ወደ ነፋሱ" እያልሽ ስታዢያቸው አየሁሽ። ሰገን፣ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያወቅሁት። እወድሻለሁ።

ቮልቱ ወዲያው አልተነሳም። ንጹሕ አየር ሲያገኝ የገባው አሞኒያ ቀስ በቀስ እየለቀቀው እየተንፏቀቀ ተመለሰ። እንደ ድሮው ባይሆንም ለፍሪጁ በቃ፤ መድኃኒቱም ሳይበላሽ ተረፈ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በታንኳ መጡ፤ አንቺም ከተብሽላቸው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ማሽኑ ያንጠባጠበውን ውሃ በጣሳ ቀድተሽ ቀመስሽና "ጣዕም የለውም፤ እንዳንተ ጨዋታ ነው" አልሽኝ። እስካሁን ብቻዬን ስሆን ያስቀኛል።

ከዚያ እናትሽ ታመሙ፤ ዝውውር ጠይቀሽ አንበሳሜ ገባሽ። ወረታ መነኸሪያ ድረስ ሸኝቼሽ ስንት ነገር ልነግርሽ አስቤ "ስትደርሺ ደውዪ" ብዬ ተመለስኩ። ደወልሽ፤ ስለ እናትሽ ጤና አወራን፤ ዘጋን። ናፍቆትሽ ግን አልዘጋ አለኝ። ጤና ኬላው ስሄድ አያ ንብረት ከሩቅ ያዩኝና "ዛሬም ፊትህ እንደጠቆረ ነው" ይሉኛል። አንቺ በሌለሽበት ቤት ማሽን መጠገን ምን ያህል እንደሚሰለች አልነግራቸውም እንጂ እሳቸውስ ያውቃሉ።

እንግዲህ ይሄ ነው ምክንያቴ። ያቺን ላም ባለቤቶቿን ሳልጠይቅ ወደ ውሃው ልነዳት ነበር፤ ያስቆምሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ አንቺን ሳልጠይቅ አባትሽ ደጅ ሰው ላቁም? አባትሽ ቄስ ይሄይስ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው ከለመኗቸውና እሳቸው እሺ ካሉ በኋላ አንቺ እምቢ ብትዪ ጠቡ ከእኔ ጋር አይሆንም፤ ከአባትሽ ጋር ነው። እናትሽ በታመሙበት ቤት ያንን ላመጣብሽ አልፈልግም። አሁን እምቢ ካልሽ ግን የሚያውቀው የለም። አያ ንብረትም አባ ወልደ ሥላሴም አፋቸውን ይይዛሉ፤ ምለውልኛል። ጉዳዩ እዚሁ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል። እኔም በመንገድ ሳገኝሽ እንደ ወትሮው ሰላም እልሻለሁ እንጂ ፊቴን አላዞርብሽም።

እሺ ካልሽ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ እንደ ወጉ ይሆናል፤ አባትሽም ክብራቸው አይጎድልም። እናትሽን አብረን እናስታምማለን። እኔ አንበሳሜ መኖር አይከብደኝም፤ የሚበላሽ ዕቃ የትም አይጠፋም።

የነጋዴው ልጅ ሽማግሌዎች ቀድመው ቢመጡና ልብሽም ወደዚያ ከሆነ፣ እሱንም ሳትፈሪ ጻፊልኝ። ብቻ አደራ፣ መልሱን በስልክ አትንገሪኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ እለምንሻለሁ፤ ተለምነሽ እሺ እንድትዪኝ ደግሞ አልፈልግም።

አክባሪሽና ወዳጅሽ፣
ማረው
ወረታ