የማህሌት ጾም

ሰኞ

ልጄ ማህሌት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ደውለው ሲጠሩኝ ከቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ዩኒፎርሟን ሳወልቅላት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ! እኔ ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ "ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች" እያልኩ ለጎረቤት ስኮራባት ነበር። አልጋዋን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር በፌስታል የተቋጠረ እንጀራ አገኘሁ። አንድ ቢሆን ምናለ፤ አራት ፌስታል።

ማክሰኞ

ሆስፒታል። ኪሎዋን ልጽፈው እጄ እምቢ አለ። ሐኪሟ "እልህ አይደለም፣ ሕመም ነው፤ ልቧም ደክሟል" አለችን። እንዳልረሳው፦ አብረናት እንብላ። ስለ ውፍረትና ቅጥነት አናውራ። ከበላች በኋላ እንዳታስመልሰው ለአንድ ሰዓት ብቻዋን አንተዋት። ወተትና እንቁላል ዛሬውኑ። ቅዳሜ ትመዘናለች፤ ከቀነሰች ሆስፒታል ትተኛለች።

ማህሌት "ጾም ነው" አለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግማሽ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር።

ረቡዕ

ጮህኩባት። እንቁላሉን ጠብሼ ፊቷ አስቀምጬ "ልትገድዪኝ ነው?" አልኳት። ሳህኑን ገፍታ "በሁዳዴ እንቁላል? አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?" አለች። አባቷ ደሳለኝ "ተያት፣ ሲርባት ትበላለች" ይላል። ሶፋው ላይ ጋደም ስትል ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ቆሜ አያለሁ። ብትሞትብኝስ? ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ

የንስሐ አባታችንን ለምኜ አመጣኋቸው። "ምነው ሸጋዬ፣ ለታመመ ጾም ማን አዘዘ? ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ" አሏት። እፎይ ልል ስል ማህሌት ማልቀስ ጀመረች።

"አባ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ አይደለም የጾምኩት። መብላት እፈራለሁ። ጾሙ ሲገባ ደስ ያለኝ ማንም ብዪ ስለማይለኝ ነው።"

ለእኔ ለእናቷ ይህን ነግራኝ አታውቅም። አባ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ጸለዩላት። "የሐኪሟን ቃል የእኔ ቃል አድርጊው" ብለዋት ወጡ። ደሳለኝ ሸኝቷቸው ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ ወዲህ "ተያት" አላለም።

ዓርብ

ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ ሃምሳ ደቂቃ። ግራና ቀኝ ተቀመጥን፤ አልለመንናት፣ አልተቆጣናት። ደሳለኝ ስለ አገሩ ስለ ኮሶዬ ብርድ ሲቀባጥር እሷ በትንሽ በትንሹ ትጎነጭ ነበር። ጨረሰችው! እልል እንዳልል አፌን ያዝኩ። ነገ ሚዛኑ ምን እንደሚል እንጃ።

ትንሽ ቆይታ ብድግ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ሐኪሟ ያለችው አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ተከትያት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የበሩን እጀታ ይዛ ዞር ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ አልዘጋውም። እዚያው ሁኚልኝ።"